ጋሽ መነሻው የመኸርን በዓል ሲያስረዱ

የነገርን ሁሉ አመጣጥ የሚያውቅ ሰው የሌለበት ሰፈር እስካሁን አልተቆረቆረም። ስለ ጃንጥላ ካነሣችሁበት የመጀመሪያውን ጃንጥላ የዘረጋውን ሰው ያውቀዋል፤ ዝናቡ እየደበደባችሁም ቢሆን ታሪኩን ሳይጨርስ አይለቃችሁም። በዚህ ሰፈር ያንን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ጸጉር አስተካካዩ ናቸው። ወላጆቻቸው ያወጡላቸውን ስም ዛሬ የሚያስታውስ የለም። “መነሻው እኮ ሌላ ነው” ሳይሉ ወሬ ስለማይጀምሩ ትልቁም ትንሹም ጋሽ መነሻው ይላቸዋል።

ሙያቸው ለዚህ ጸጋ የተመቸ ነው። አንገቱ ላይ ምላጭ ያረፈበት ሰው አይከራከርም። አንድ ሙሽራ በሠርጉ ጠዋት መጥቶ፣ ጸጉሩ በግማሽ እንደተቆረጠ ክቡርነታቸው የጋብቻ ቀለበትን አመጣጥ ማስረዳት ጀመሩ። ሚዜዎቹ ደርሰው ባያስጥሉት ኖሮ ሙሽሪት ስትጠብቀው ታረጅ ነበር። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሆስፒታል የተኛ ጎረቤታቸውን ሊጠይቁ ሄደው፣ ስለ ቴርሞሜትር ከጥንት ጀምረው ተረኩለት። በሽተኛው በማግስቱ “ተሽሎኛል” ብሎ ወጣ። ጋሽ መነሻው ፈውሱን እስከ ዛሬ ለራሳቸው ይቆጥሩታል።

ባለቤታቸው በማዕድ ላይ ጨው አቀብለኝ ማለት ከተዉ ቆይተዋል። የሰው ልጅ ጨውን እንዴት እንዳገኘ ሲሰሙ ሾርባው ስለሚቀዘቅዝ ተነሥተው ራሳቸው ያመጣሉ።

የእኚህ ሰው ልጅ አስተማሪ ናት። አንደኛ ክፍል ታስተምራለች፤ አዲስ ተቀጣሪ በመሆኗ የሙከራ ጊዜዋ ገና አላለቀም። ለመኸር በዓል ዝግጅት፣ የበዓሉን አመጣጥ ለሕፃናቱ የሚያስረዳ የግብርና ባለሙያ የጋበዘችው እሷ ነበረች። ሰውዬው ግን በዝግጅቱ ጠዋት ደውሎ መኪናው መንገድ ላይ እንደቆመችበት ነገራት። አዳራሹ በሕፃናትና በወላጆች ጢም ብሏል። ርዕሰ መምህርቷ ጥቂት አሰቡና፣ ባለቤታቸው ጸጉር የሚቆረጥበት ቤት አንድ ታሪክ አዋቂ ሰውዬ እንዳሉ፣ ቤቱም ከትምህርት ቤቱ በር ማዶ መሆኑን አነሡ። አስተማሪዋ አባቷ መሆናቸውን ተናግራ፣ አንዴ ከጀመሩ ማቆሚያ እንደሌላቸው ልታስጠነቅቅ ስትሞክር፣ ርዕሰ መምህርቷ ሰው ልከው ነበር።

በሩ ላይ ጠብቃ እጃቸውን ያዘች። ነጩን የሥራ ጋዋን እንኳ አላወለቁም፤ ደረታቸው ላይ የደንበኛ ጸጉር ተበትኗል።

“አባዬ፣ ስለ በዓሉ ብቻ። በዓሉን ካመጣው ድርቅ ጀምር። እባክህ፣ የሥራዬ ጉዳይ ነው።”

“ከድርቁ” አሉ ጋሽ መነሻው ጉሮሯቸውን እየጠረጉ።

መድረክ ላይ ወጥተው አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር ቃኙ። ይህን ያህል አድማጭ፣ ያውም አንዱም ሳሙና ያልተቀባ፣ በዕድሜያቸው አጋጥሟቸው አያውቅም። ድርቁን እዚያው ረሱት።

“ምድር በመጀመሪያ የምትንቦገቦግ የእሳት ኳስ ነበረች” ብለው ጀመሩ።

አስተማሪዋ ግድግዳውን ተደገፈች። ምድር እስክትቀዘቅዝ አንዱ ሕፃን የጫማውን ክር ፈትቶ ጨረሰ። ውቅያኖሶች ሲሞሉ አንዷ በጓደኛዋ ትከሻ ላይ አንቀላፋች። ማረሻ ሲፈለሰፍ ወላጆች ስልካቸውን አወጡ። ርዕሰ መምህርቷ መጀመሪያ ሰዓታቸውን፣ ቀጥሎ አስተማሪዋን አዩ። ሥራዋ ዓይኗ እያየ ሲያመልጣት ተሰማት። ጣልቃ ልትገባ እግሯን ስታነሣ ግን አባቷ እንደምንም ድርቁ ላይ ደረሱ።

ድሮ ዝናብ ጠፍቶ፣ አገሩን ለሁለት የሚከፍለው ወንዝ ሳይቀር መድረቁን ተረኩ። ከወንዙ ወዲያ ያሉት ሰዎች ዘራቸው እንኳ አልቆባቸው ነበር። ወዲህ ያሉት ግን በየጎተራቸው ጥቂት ዘር አስቀርተዋል። እዚህ ላይ ሲደርሱ፣ የፊት ጥርሶቿ የወለቁ አንዲት ሕፃን ከፊተኛው ወንበር እጇን አወጣች።

“ሰዎቹ ርቧቸው ነበር?”

“በጣም።”

“ታዲያ ዘሩን ለምን አልበሉትም?”

ጋሽ መነሻው ሳይጠየቁ ሲመልሱ የኖሩ ሰው ስለሆኑ ጥያቄ አልለመዱም።

“አላውቅም” አሉ ቀስ ብለው።

አስተማሪዋ ይህን ቃል ከአባቷ አፍ ሰምታ አታውቅም። አመማቸው እንዴ ብላ ወደ መድረኩ ስትጠጋ፣ እሳቸው ጠርዙ ላይ ቁጭ ብለው ለጌጥ ከተቀመጠው ቅርጫት በቆሎ ዘገኑ፤ የሕፃኗንም መዳፍ ሞሉት። በቤቷ የቀረው ያ ብቻ መሆኑን፣ ራት እንደሌለ፣ በወንበሮቹ መካከል ካለው መተላለፊያ ወዲያ ያሉት ልጆች ደግሞ ያንንም እንዳጡ ነገሯትና ምን እንደምታደርግ ጠየቋት።

አዳራሹ ቀውጢ ሆነ። አሁኑኑ ይበላ ያለ አለ። ታናሽ ወንድሜ ሲርበው ያለቅሳል ብሎ የተሟገተ አለ። አንዱ ትራስ ሥር እንደብቀው አለ። አንቀላፍታ የነበረችው ነቅታ ግማሹ ይቆላ ብላ ሐሳብ አቀረበች። ወላጆች ስልካቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። ጋሽ መነሻው አንድም ቃል ሳይጨምሩ ሁሉንም አዳመጡ፤ ይህም ለልጃቸው ሁለተኛው ተአምር ነበር።

ሕፃኗ ተነሥታ መተላለፊያውን ተሻገረችና ግማሹን ማዶ ለተቀመጠ ልጅ አፈሰሰችለት።

“ዝሩት። ሲያፈራ ትሰጡናላችሁ።”

“ባያፈራስ?” አላት ልጁ።

“ያኔ አብረን ይርበናል።”

ጋሽ መነሻው ዓይናቸውን በጋዋናቸው እጅጌ ጠረጉ። ከዚያ በዕድሜያቸው አጭር የሆነውን ንግግር አደረጉ።

“ልክ እንደዚህ አደረጉ። ዝናቡም መጣ። ከወዲያ ያሉት የመጀመሪያውን እሸት ተሸክመው ወንዙ ውስጥ ገቡ፤ ከወዲህ ያሉትም ሊቀበሏቸው ወረዱ። መሐል ላይ ተገናኙና ውሃው ውስጥ እንደቆሙ አብረው በሉ። በዓላችን ያቺ ቀን ናት። የምናስባቸውም ርቧቸው ሳለ ዘሩን ያልበሉትን ነው።”

ጭብጨባው መስኮቱን አንቀጠቀጠው። ከግራም ከቀኝም ያሉት ሕፃናት ወደ መተላለፊያው ተንጋግተው በቆሎውን ይሻሙ፣ ደግሞ መልሰው ይካፈሉ ጀመር። ወላጆች ከመቀመጫቸው ተነሡ። ርዕሰ መምህርቷ እያጨበጨቡ ወደ አስተማሪዋ ጆሮ ጠጋ ብለው፣ ስለ ሙከራ ጊዜው ከእንግዲህ እንዳትጨነቅ ነገሯት።

ጋሽ መነሻውን ሕፃናት ከበቧቸው። አንዱ ስለ ጥርስ፣ አንዱ ስለ ነጎድጓድ፣ አንዷ ድመት ለምን ከሰው ጋር መኖር እንደጀመረች ይጠይቃሉ። እሳቸውም የሚያውቁትን ይመልሳሉ፤ በየመሐሉም “እሱን አላውቅም” ይላሉ፣ አዲስ ጫማ እንደሚለካ ሰው ፊታቸው እየበራ።

ጥርሰ ወላቃዋ ሕፃን የአስተማሪዋን ቀሚስ ጎተተች። እኚህን ሰውዬ ወደ ቤት ልትወስዳቸው ፈልጋለች፤ ባለንብረታቸውን ማስፈቀድ ስላለባት የማን እንደሆኑ ጠየቀች።

አስተማሪዋ ነጩን ጋዋን፣ ጋዋኑ ላይ የተንጠለጠሉትን ሕፃናት፣ በሁለት እጃቸው አንዲት ድመት በአየር ላይ የሚሥሉትን አባቷን አየች።

“የኔ ናቸው” አለች። “ለማንም አላውስም።”