ክብርት ሐኪም ኖሪን እና የጎል ዳኛው ዓይን

ከተማ ሐኪም ሊያጣ ይችላል፤ ሳይማር የሚያክም ሰው ግን አጥቶ አያውቅም። መንገድ ላይ ያገኛችኋል፤ ደህና ዋላችሁ ሳይል ምላሳችሁን አውጡ ይላችኋል። የኛዋ የባራንጉክ ከተማ፣ ሳይጠሯት አቤት ሳይልኳት ወዴት የምትለው፣ ክብርት ሐኪም ኖሪን ፒጎት ናት። አርባ ዓመት ሙሉ የበግ ፀጉር እየዳሰሰች ደረጃ ስታወጣ ኖራ ጡረታ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ደረጃ የምታወጣው ለእኛ ነው።

የእኔ ደረጃ ዝቅተኛ ነው። ሰኔ ገብቶ በየቤቱ የማገዶ ምድጃ ሲለኮስ ዓይኔ አሸዋ የተበተነበት ይመስል ይቆረቁረኛል። ውጭ ወጥቼ ነፋስ ሲነካው ደግሞ ዝም ብሎ ይፈስሳል። አምና የጎረቤታችን የመርቪን ቀብር ላይ እንባዬ ጉንጬን አራሰው። እውነቱን ለመናገር ሟቹን እምብዛም አልወደውም ነበር። ሚስትየው አሳዝኛት ልታጽናናኝ ስትመጣ ኖሪን መሃላችን ገባች።

«ተይው፣ ሐዘን አይደለም። ዓይኑ ስለደረቀ ነው የሚያለቅሰው» አለቻት።

ሕክምናዬ በማግስቱ ተጀመረ። ምድጃው ላይ ውሃ የሞላ ሳህን እንዲቀመጥ ታዘዘ። ማታ ማታ ለብ ያለ እርጥብ ጨርቅ ዓይኔ ላይ፣ ዐሥር ደቂቃ፤ ፊትን ወደ እሳት ማዞር ክልክል። ሳታንኳኳ ትገባና ሳህኑ ውስጥ ጣቷን ነክራ ውሃው መጉደል አለመጉደሉን ታያለች። መኪናዬ ውስጥ ስትገባ የማሞቂያውን አፍ ከፊቴ ወደ እግሬ ትመልሰዋለች፤ እግር አይደርቅም ባይ ናት። የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ እንኳ የዓይን ጠብታ ልገዛ ስሄድ ኖሪን ፈቅዳ እንደሆነ ይጠይቀኛል። ከሁሉ የሚያናድደው ደግሞ እየተሻለኝ መምጣቱ ነው።

የእኔ ዓይን ለሌላው ምን ይረባል ትሉ ይሆናል። እኔ የጎል ዳኛ ነኝ። ነጭ ካፖርት ለብሼ ሁለቱ ምሰሶዎች መሃል ከቆምኩ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። በኛ ጨዋታ ኳሷ ምሰሶ ሳትነካ መሃል ለመሃል ካለፈች ስድስት ነጥብ፣ ሁለት ባንዲራ ነው። ምሰሶውን ከነካች አንድ ነጥብ፣ አንድ ባንዲራ። በግንቦት ነፋሱ ዓይኔን ሞልቶት፣ የነካችውን አልነካችም ብዬ ሁለት ባንዲራ አውለበለብኩ። የክለቡ ሊቀመንበር ዳግላስ ቤቴ ድረስ መጣና አንዴ ከደገምክ ካፖርቱን ታስረክባለህ አለኝ። ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ፤ ያለኝ ቅዳሜ ነው። እሱን ከወሰዱብኝ ምን ቀረኝ?

ኖሪን ይህን ስትሰማ ከጎሉ ጀርባ አጥሩን ተደግፋ መቆም ጀመረች። ኳስ ኳስ ስል ማርገብገብ እንደምረሳ ደርሳበታለች። ስለዚህ ኳሷ ወዲያኛው ጫፍ በሄደች ቁጥር «ጨፍን!» ትላለች፤ ሦስት ትቆጥርና «ክፈት!» ትላለች። ሜዳው ዙሪያ መኪናቸው ውስጥ ሆነው የሚያዩት ደግሞ መስኮት ዝቅ አድርገው «ጨፍን ላሞኝህ!» እያሉ ያጅቧታል። አንድ ቅዳሜ የእንግዳው ቡድን አሠልጣኝ ዳኛው እየታገዘ ነው ብሎ ሊከስ መጣ። ኖሪን ያንተም ዓይን ቀልቷል፣ ና እስቲ ልየው አለችው። ክሱን ትቶ ጠብታ ይዞ ተመለሰ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ የዊራቢ ቡድን መጣብን። ያሸነፈ ወደ ማጣሪያ ያልፋል፣ የተሸነፈ ቤቱ ይገባል። በሦስት ነጥብ እየተመራን ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል የኖሪን የልጅ ልጅ፣ ዳርሲ፣ ኳሷን ከአየር ላይ ቀለበ። የማብቂያው ጩኸት ተሰማ፤ ነገር ግን በኛ ጨዋታ ኳስ ከአየር የቀለበ ሳይከለከል ይመታልና ያቺ ምት ትቆጠርለታለች። ልጁ ካልሲውን ሳብ ሳብ አደረገና መታት።

ኳሷ ገና ሳትደርስ የመኪናው ጥሩምባ ሁሉ ጮኸ። እኔ ግን የግራውን ምሰሶ ጠርዝ ስትልሰው አየኋት። ዓይኔ ርሶ፣ ጠርቶ፣ የስፌቷን ክር ሳይቀር ለየሁት። እጄ ከብዶኝ አንድ ባንዲራ አነሳሁ።

ጥሩምባው ጸጥ አለ። ከዚያ ስድቡ ወረደ፤ ዕውር ያላለኝ የለም። ዳግላስ ካፖርቴን ሊገፍ የመጣ ይመስል እየተንደረደረ ደረሰና፣ ከእኔ ቀጥሎ ቅርብ የነበረችው እሷ ናትና፣ ዞሮ ኖሪንን ጠየቃት።

ኖሪን ሜዳው መሃል በጉልበቱ ተንበርክኮ የቀረውን የልጅ ልጇን ታየዋለች። አንድ ቃል ብትናገርለት ልጁ የከተማው ጀግና ይሆናል፤ እኔም ቤቴ እገባለሁ። አልፈረድኩባትም፤ እኔ በእሷ ቦታ ብሆን ምን እንደምል አላውቅም።

«ነክታለች» አለች በመጨረሻ። «ይህን ዓይን ሁለት ክረምት ያከምኩት እኔ ነኝ። ያያል።»

ዳግላስ ቁና ቁና ተነፈሰ። ከዚያ ካፖርቱን ለከርሞ አሳጥበህ አስቀምጠው ብሎኝ ሄደ።

ሰዉ መኪናውን እያስነሳ ሲበተን ኖሪን አጥሩን ዞራ መጣች። ስለ ኳሷ አንድም ነገር አላነሳችም። የዓይን ጠብታውን ከኪሷ አወጣችና ቀና እንድል በእጇ አመለከተችኝ፤ ቀና አልኩ። አንድ ቀን እንኳ ስቶ የማያውቀው እጇ ሳተና ጠብታው ዓይኔን አልፎ ጉንጬ ላይ ወረደ።

«ተንቀሳቀስክ» አለችኝ ቆጣ ብላ።

ድንጋይ ሆኜ ነበር የቆምኩት።

«አዎ፣ ተንቀሳቀስኩ» አልኳት። «ይቅርታ፣ ድገሚልኝ።»