የሰባኪ ሚስት መሆን

ከሰባኪ ጋር ኖራችሁ ታውቃላችሁ? የእኔው ባል በየሳምንቱ የእሑዱን ንባብ አንብቦ ሲያበቃ ምሳሌ ይፈልጋል፤ የሚያገኘው ግን ሁልጊዜ እኔን ነው። ባለፈው እሑድ ወደ ኋላ ዞራ ጨው ስለሆነችው የሎጥ ሚስት ሲሰብክ፣ «የእኔዋም ኮምቦልቻ ከወረድን ወዲህ ዓይኗ ደሴን እንዳየ ነው» አለ። ልጆቼን የወለድኩበትን ከተማ መናፈቅ ከመቼ ወዲህ ነው ኃጢአት የሆነው? ምእመኑ ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ። ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ሳብኩት፤ መሬት ብትከፈትልኝ እገባ ነበር። ስንወጣ ደግሞ አንዷ፣ «እትዬ፣ ለወጥ የምትሆን ጨው አይሰጡኝም?» ብላ አሾፈችብኝ።

የዚህ ሳምንት ንባብ ባሎች ሚስቶቻቸውን እንዲወዱ የሚያዝ ነው። ከጠዋት ጀምሮ መጽሐፉን ገልጦ እንደተቀመጠ ነው።

«አንቺ፣ ምሳሌ አጣሁ እኮ!» አለኝ።

«ከጎረቤት ፈልግ» አልኩት።