የወይን ጠጁ ካፖርት ባለቤት

አሮጌ አልበም በተከፈተበት ቤት ሁሉ፣ ፊት የማያዩ አንዲት አክስት አይጠፉም። እኛ ሌሎቻችን «ይቺ ደግሞ ማን ናት? አፍንጫዋ የማንን ይመስላል?» ስንባባል፣ እሳቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ይሰቅሉና አልበሙን አስጠግተው ፍርድ ይሰጣሉ፤ «ጫማው የኔ ነው። ሻርፑም የኔ ነው። ሴትዮዋን አላውቃትም።»

የእኛ ቤቷ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። በቤተሰቡ ዘንድ «ባለካፖርቷ» በሚል ማዕረግ ይታወቃሉ። ማዕረጉ ሹፈት እንደነበረ የሚያስታውስ ሰው የቀረ አይመስለኝም፤ እሳቸውማ ሲጠሩበት ደረታቸውን ነፋ አድርገው ነው አቤት የሚሉት።

ካፖርቱ አንድ ነው። ስልክ ቤት ኦፕሬተር ሳሉ በትዕዛዝ ያሰፉት፣ ኮሌታው ጠጉራም፣ ቁልፎቹ የስኒ ማስቀመጫ የሚያካክሉ፣ ገበሩ ሐር የሆነ ካፖርት። በዚያ ዘመን ከቤተሰባችን ፎቶ ቤት የሄደች ሴት ሁሉ ለብሳዋለች። ረጅሟ የአጎቴ ሚስት ላይ ጃኬት ይመስላል። አጭሯ ጎረቤታችን ላይ ደግሞ እጅም እግርም የለም፤ ከኮሌታው በላይ ጭንቅላት፣ ከጫፉ በታች የጫማ አፍንጫ ብቻ። አዋላጇ ዘመዳችን ወፈር ያለች ስለነበረች ቁልፉ እምቢ ቢላት ቦርሳዋን ሆዷ ላይ ታቅፋ ተነሳች። ከሷ በኋላ የተነሱት፣ ቀጫጭኖቹ ሳይቀሩ፣ ፋሽን መስሏቸው ሁሉም ቦርሳ ታቅፈዋል።

እህቴ አንድ ቀን አፏን አዳልጧት «ይሄ ግራጫ ካፖርት እንዴት ያምራል!» አለች።

«ምን ግራጫ ትያለሽ! ወይን ጠጅ ነው።»

«ፎቶው ላይ እኮ...»

«እሱን ፎቶ አንሺውን ጠይቂው። እኔ የማውቀው ካፖርቴን ነው።»

ከዚያ ወዲህ በቤታችን ጥቁርና ነጭ ፎቶ የሚባል ነገር የለም።

አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ይገርመን ነበር። ካፖርቱን ከለበሱት ሴቶች አንዷም ካሜራውን አታይም። ዓይናቸው ሁሉ ወደ ጎን ነው፤ በዚያ ላይ ትንሽ ድንግጥ ያሉ ይመስላሉ። እኛ ልጆች የዘመኑ ጨዋነት አድርገን ነው የያዝነው። እህቴማ መታወቂያ ስታወጣ እንደዚያው ጎን ጎኑን እያየች ተነስታ፣ «ወደ ፊት የሚያይ ፎቶ አምጪ» ተብላ ተመልሳለች።

በቅርቡ እናታችን ሰባ ሲሞላት፣ በካፖርቱ የተነሳችውን ፎቶ አስፋፍተን ሳሎን ልንሰቅልላት ተነጋገርን። ክብርት ባለካፖርቷ ከየት እንደሰሙ እንጃ፣ በማግስቱ ከተፍ አሉ። ቁጭ እንኳ ሳይሉ፣

«የማንን ካፖርት ነው የምትሰቅሉት?» አሉ።

«ኧረ እትዬ፣ የሚሰቅሉት እኔን ነው» አለች እናቴ።

«አንቺማ ፊትሽ ብቻ ነው ያለው። የቀረው እኔ ነኝ።»

«አውልቂና ውሰጂው እንግዲህ!»

እህቴ ነገሩን ለማብረድ ብላ፣ «አይጣሉ፣ አክስቴ። ፎቶ ቤቱ እኮ ዓይኗንም በኮምፒውተር ወደ ፊት አዞርላችኋለሁ ብሏል። ልክ እኛን የምታይ ትመስላለች» አለች።

አክስቴ ድንገት ቁጭ አሉ። እሳቸው በክርክር መሃል ሲቀመጡ አይተን ስለማናውቅ ሁላችንም ውሃ ልናቀርብ ተነሳን።

«ዓይኗን እንዳትነኩት» አሉ።

«ለምን?»

«የምታየው እኔን ነዋ።»

ለካስ ካፖርቱን ብቻውን አውሰው አያውቁም። ከሥራ አስፈቅደው ፎቶ ቤት ድረስ አብረው ይሄዱና ከካሜራው አጠገብ ይቆማሉ። «ግድግዳው ኖራ ይለቃል፣ እንዳትደገፊ! ክርንሽን አታጥፊ፣ ስፌቱ ይተረተራል!»

«ፎቶ አንሺው ‹ወደዚህ እዪ› እያለ ይለምናል» አለች እናቴ፣ ሳቅ እያፈናት። «ማን ሰምቶት! እሱ አይቆጣ፣ አይቆነጥጥ።»

አልበሙን እንደገና ገለጥኩት። የአጎቴ ሚስት፣ ጎረቤታችን፣ አዋላጇ፣ ሁሉም ወደ አንድ ቦታ አፍጥጠዋል። የእሳቸውን ፎቶ ፈለግኩ። ከዳር እስከ ዳር የለም።

«እርስዎስ ለብሰው የተነሱት የታለ?»

«እኔማ የራሴ ነው፣ ምን ያስቸኩለኛል ብዬ» አሉ፣ የሻርፓቸውን ጫፍ እያስተካከሉ። «ዛሬ ለዚህች፣ ነገ ለዚያች ስል፣ ተራዬ ሲደርስ ብል ቀደመኝ።»

እናቴ መሳቋን ተወች። ወደ እህቴ ዞር ብላ፣ «ዓይኔን እንዳለ ተዉት» አለች።

ፎቶው የተሰቀለ ዕለት ባለካፖርቷ ከሁሉም ቀድመው መጡ። ፊት ለፊቱ ትንሽ ቆሙና አንዱን ወንበር ጎትተው ወደ መስኮቱ፣ ጥጉ ላይ ወሰዱት። ወደ ኋላ ገፋ፣ ወደ ጎን ሳብ፣ እንደገና ገፋ። የወጣቷ እናቴ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ተቀመጡ። እህቴ መተላለፊያ ዘጉ ብላ ወንበሩን ልትመልስ ስትነሳ እጇን ያዝኳት። እስከ ዛሬም እዚያ ነው፤ እንግዳ ሊቀመጥበት ሲል «ሰው አለበት» የምለው እኔ ነኝ።

አክስቴ ተመቻችተው፣ ቦርሳቸውን ሆዳቸው ላይ ታቅፈው፣ ግድግዳው ላይ ያለችውን ታናሽ እህታቸውን ቀና ብለው አዩ።

«እንዳትደገፊ» አሏት።