የቶይቮ ጉልበትና የእራቱ ዓሣ

«ዓሣው ለእራት ነው ያልኩህ፤ ለጉልበት አይደለም» አለች ማርሊስ፣ የሳውናውን በር በአንድ እጇ ይዛ። «እንግዳ ጠርቻለሁ እኮ። ምን ላቅርብለት? ጉልበትህን?»

እንግዳው እኔ ነኝ። ከኋላዋ ቆሜያለሁ። ባሏ ክቡር ቶይቮ ላህቲ በእንፋሎቱ መሀል አግዳሚው ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ክረምት ላይ የሐይቁን በረዶ ቀደው ያወጡት ዓሣ በፎጣ ተጠቅልሎ ግራ ጉልበታቸው ላይ ታስሯል። ነገሩ እንዲህ ነው። ሐኪሟ «በቀዝቃዛ ያዘው» ብላቸዋለች። ነፍሳቸውን ይማርና አባታቸው ደሞ ሳውና ያልፈወሰውን ሕመም አፈር ብቻ ነው የሚፈውሰው ይሉ ነበር። ክቡርነታቸው ሁለቱንም ላለማስቀየም ዓሣውን ከፍሪዘር አወጡ፣ አሰሩ፣ ሳውና ገቡ።

«በሩን ዝጊው፣ ሙቀቱ ወጣ» አሉ።

«ዓሣው እየበሰለ ነው፣ ቶይቮ።»

«ይብሰላ። ጉልበቱም ሲሞቅ ይተዋል።»

ዓሣው በሰለ። ጉልበቱ ጥሬውን ወጣ። እራት ላይ ቀርቦልን በላነው፤ በከተማችን በዱሉዝ ዓሣ አይጣልም። ትንሽ የጉልበት ቅባት ቅባት ይላል እንጂ ክፉ አልነበረም።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ጉልበቱ ጡረታ ወጥቷል፤ ለባለቤቱ ግን የነገረው የለም። ደረጃ ሲወርድ እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል። ምነው ስትሉት «ደረጃው ነው» ይላችኋል። አርፈህ ተቀመጥ ብትሉት ይቀመጣል፤ ተቀምጦም እግሩ ይሮጣል።

ክቡር ቶይቮ ከዚህ ወገን ናቸው፤ እንዲያውም ሊቀመንበሩ። የማስታገሻ ኪኒን ሊገዙ ተሰልፈው በጣታቸው ይነሳሉ፣ ይወርዳሉ። ባለፈው የጓደኛችን የዴልበርት አክስት ስትቀበር፣ ጸሎቱ ረዘመባቸውና የቤተክርስቲያኑን ግድግዳ ተደግፈው ባታቸውን ማፍታታት ጀመሩ። አንዲት አሮጊት ሐዘን የጣላቸው መስሏት ሄዳ አቀፈቻቸው። ክቡርነታቸው ባቱ እስኪፍታታ ድረስ ታቅፈው ቆዩ። ከዚያ እግር ቀየሩ። አሮጊቷም አልለቀቀቻቸውም።

ሐኪሟ ሩጫ ጭራሽ የከለከለቻቸው ጊዜ ደሞ ሌላ ጉድ መጣ። እኛ አብረን የምንሮጥ ሰዎች ማን የት እንደሮጠ በየስልካችን እንተያያለን፤ የሮጥንበትን መንገድ መዝግቦ የሚናገረው የእጅ ሰዓታችን ነው። ክቡርነታቸው ተከልክለው እያለ ሩጫቸው በየቀኑ ይመጣል። ሩጫው ግን ግራ ያጋባል። እያንዳንዱ ዛፍ ሥር ይቆማል። ድንገት እንደ ጥይት ይተኮሳል። አንድ ቀን ሐይቁ ውስጥ ገብቶ ወጣ።

«ትናንት ዋኘህ እንዴ?» አላቸው ዴልበርት።

«ትንሽ ልቀዝቅዝ ብዬ ነው።»

«በዚህ ብርድ? ደሞ ያቺን የፖስተኛዋን መኪና ምን አድርጋህ ነው ያባረርካት?»

ለካ ሰዓቱ የታሰረው ሙስቲ አንገት ላይ ነው። ሙስቲ ውሻቸው ነው። መነቃታቸው አይደለም ያናደዳቸው። ሙስቲ እሳቸው ዘመናቸውን ሙሉ ሮጠው ያልደረሱበትን ፍጥነት ሮጦ ተገኘ። ከዚያ ወዲያ ለጥቂት ቀን ከውሻው ጋር አይነጋገሩም ነበር።

እስቃለሁ እንጂ ነገሩ የሚያስቅ አልነበረም። በጉልበታቸው መሀል ያለው ትራስ አልቆ አጥንት ካጥንት ነው የሚፋጨው። ጉልበቱን አውጥተን ብረት እንተካ ይባላሉ፤ እሳቸው በየዓመቱ «ከሰኔው ሩጫ በኋላ» ይላሉ። ሰኔ ይመጣል፣ ይሮጣሉ፣ ያነክሳሉ፣ ሌላ ሰኔ ይጠብቃሉ። ዘንድሮ ሐኪሟ ቆርጣ ነገረቻቸው፤ ይህን ሰኔ ከሮጥክ የገዛ ቤትህን ደረጃ አትወጣትም።

«ጓደኛው አይደለህ? አንድ ነገር በለው» አለችኝ ማርሊስ። «ተሸክሜው መውጣት አልችልም።»

ጉልበቱ ላይ ዓሣ ለቀቀለ ሰው ምን ይባላል?

ቅዳሜ ቅዳሜ ከድልድዩ ተነስተን በሐይቁ ዳር እስከ ሎርና ቁርስ ቤት እንሮጣለን። ከወጣትነታችን ጀምሮ ሕጉ አንድ ነው፤ መጨረሻ የገባ የሁሉንም ቁርስ ይከፍላል። መጨረሻ የምገባው እኔ ነኝ። ዱሉዝን ቁርስ አብልቼ ያሳደግኩ ሰው ነኝ። ክቡር ቶይቮ ከፍለው አያውቁም፤ ቦርሳቸውን እንኳ ይዘው አይወጡም። «ክብደት ነው» ይላሉ።

የዚያን ቅዳሜ ገና ድልድዩ ጋ ያነክሱ ነበር። እንደሚቀደሙ የታወቀ ነው። ስንት ዘመን የጠበቅኩት ቀን መጣ ማለት ነው። መጣና፣ እግሬ አልሄድ አለ። ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ማሰር ጀመርኩ። ዴልበርት ተወልዶ ያደገበትን ሐይቅ ዛሬ ያየው ይመስል ቆሞ ያደንቃል።

ክቡርነታቸው አልፈውን ሄዱና ዞር አሉ። «ምን ሆናችሁ?»

«ጉልበቴን» አልኩ።

ትክ ብለው አዩኝ። «ሲሞቅ ይተዋል» አሉና እያነከሱ ቀጠሉ።

ቀድመው ገቡ። ከኋላቸው ዴልበርት፣ በመጨረሻም እኔ። ኪሴ ስገባ ሎርና «ተወው፣ ተከፍሏል» አለችኝ።

«ማን ከፈለ?»

«መጨረሻ የገባው» አሉ ክቡር ቶይቮ ከጥግ። ቦርሳቸው ጠረጴዛው ላይ ነው። ብዙ ስላልተከፈተ አዲስ ይመስላል። ጠዋት ከቤት ሲወጡ ነው እንግዲህ ኪሳቸው የከተቱት።

«አንተ እኮ ቀድመህ ነው የገባኸው።»

«ሞኝ አታድርገኝ። ጫማህ ማሰሪያ የለውም።»

ጫማዬን አየሁት። እውነትም የለውም።

«ማክሰኞ ሆስፒታል እገባለሁ» አሉ ቡናቸውን እያዩ። «ብረቱን ያስገቡልኝ። በሰኔ ውሃ አቀብላችኋለሁ።» «ብረት ደሞ ሲሞቅ ይለጠጣል አሉ» ብለው ጨመሩ።

ማርሊስ እፎይ ትላለች። እኔም ልል ይገባኝ ነበር። ይህ ሰውዬ አንድ ቀን ይክፈለኝ እያልኩ ነው ያረጀሁት፤ የቀረበልኝን እንቁላል ግን ወደ ዴልበርት ገፋሁት።

ከጠረጴዛው ሥር የክቡርነታቸው እግር ይሮጣል። ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በገንዘባቸው የገዙልን ቡና ከየስኒው ይደፋል። ተው ያላቸው የለም።