ባዶ የወጣ ባዶ ይመለሳል

ሰው ንብረቱን የሚያጣው በቸልተኝነት ነው የሚሉ አሉ። «አያያዙን አይቶ ጭብጦውን ቀማው» እያሉ የሚተርቱትም እነሱው ናቸው። እኔ ተረት የምቃወም ሰው አይደለሁም፤ የደመወዝ እርከኔም አይፈቅድልኝም። ግን ጭብጦውን ከመጠን በላይ አጥብቆ የያዘስ? ጨምቆ ጨምቆ ፍርፋሪ ያደረገውስ? ስለ እሱ ምንም የተተረተ አልሰማሁም። ስለዚህ በደርግ ጊዜ ነቀምቴ ላይ የደረሰብኝን ለተረት አውጪዎች በጥሬ ዕቃነት አቀርባለሁ።

ያን ጊዜ መሠረተ ትምህርት የተማሩ ጎልማሶች የፈተና ውጤት የሚመዘገብበት ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። አንድ የውጭ አገር ድርጅት ለቢሯችን ኮምፒዩተር ለገሰ። ፊቱ ቴሌቪዥን፣ እጁ የጽሕፈት መኪና ነው። ከጎኑ ደግሞ ዘፈን እንደምንሰማበት ያለ የካሴት ቴፕ በሽቦ ተያይዞለታል። እኔም አዲስ አበባ ሄጄ ሁለት ሳምንት ሠልጥኜ ተመለስኩ። በአውራጃው ውስጥ በዚህ ሙያ አንደኛ ነበርኩ፤ ሁለተኛ አልነበረም።

አሠልጣኛችን አጥብቆ የነገረን አንድ ነገር ነው፤ ማሽን ይረሳል፣ ስለዚህ የዋላችሁበትን በየቀኑ ካሴት ላይ ገልብጡ፣ ካሴቱንም ከማሽኑ አርቃችሁ አስቀምጡ። በሠለጠነው ዓለም ማሽኖች በሽቦ ተያይዘው አንዱ የሌላውን ቅጂ ይጠብቃል አለን። እኛን ከአዲስ አበባ ጋር የሚያያይዘን አውቶቡስ ነበር፤ እሱም ባኮ ላይ ጎማ ይተነፍሳል።

የጉቶ ጊዳንና የኡኬን ተፈታኞች ስምና ውጤት ሦስት ሳምንት ሙሉ መታሁ። ማሽኑ የአማርኛ ፊደል ስላልቆጠረ ፊደል የቆጠሩትን ሰዎች ስም በላቲን ነበር የምጽፈው። በዚህ ማንም አልሳቀም፤ ስብሰባ ላይ ነበርን። ምዝገባው ሲያልቅ ኃላፊያችን ሥልጣኔያችንን ሊያስመሰክር ፈልጎ፣ ውጤቱ በእጅ የተጻፈበት ወረቀት ከእንግዲህ ቆሻሻ ነውና ይጽዳ አለ። ባለሱቁ ሸምሱ መጠቅለያ አጥቶ ኖሮ በሁለት ሳሙና ለወጠን።

ሰኞ መብራት ሄደ። መሄዱ ደንብ ነው። ሲመለስ ግን እንደ ተቆጣ ባል በሩን ገንጥሎ ገባ። ማሽኑ ጭሱን ለቀቀና በሰላም ነቃ፤ የሚያስታውሰው ነገር ግን አልነበረም። እኔ ፈገግ አልኩ። የሠለጠነ ሰው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው ፈገግ የሚለው። በየቀኑ የገለበጥኩበትን ካሴቴን ከንብረት ክፍል አስወጥቼ አጎረስኩት። ማሽኑ አሰበ፣ አሰበና በእንግሊዝኛ «ማንበብ አልቻልኩም» ብሎ ጻፈ። በመሠረተ ትምህርት ቢሮ ውስጥ!

በማግስቱ አዴ ዲንቂ ከኡኬ መጡ። ቅቤ ነጋዴ ናቸው፤ በሃምሳ ዓመታቸው ነው የተማሩት። የቀበሌያቸው ሴቶች የማኅበራቸው ሊቀመንበር አድርገው መርጠዋቸዋል፤ ግን እስከ እሑድ የማንበብ ምስክር ወረቀት ካላመጡ ወንበሩ ለቀበሌው ሊቀመንበር የሚስት እህት ይተላለፋል። ማሽኑ ማንበብ እንዳቃተው በአክብሮት አስረዳኋቸው። «ወይ ዋቃዮ!» አሉ። «እኔ አልፌ እሱ ወደቀ? ታዲያ ኢልማ ኮ፣ እሱን ወደ ማታ ክፍል ስደደው፤ የኔን ወረቀት ለምን ትይዛለህ?» «ልጄ» እያሉ ነው የሰደቡኝ።

ጥገናው ተጀመረ። መጀመሪያ ካሴቱን የሚያነበው የቴፑ ጥርስ ቆሽሿል ተባለ። አልኮል ስላልነበረ በካቲካላ ጠረግነው፤ ቢሮው በዚያ ቀን የነበረውን መልካም መንፈስ ዛሬም አስታውሳለሁ። አላነበበም። ከዚያ የከተማው ሬዲዮ ጠጋኝ መጥቶ አንዲት ብሎን በትንሹ ወደ ግራ፣ በትንሹ ወደ ቀኝ አዞረ፤ ጆሮውን ደፍቶ ሐኪም መሰለ። አላነበበም። ሁለተኛውን ካሴት፣ ሦስተኛውን ሞከርን። ኃላፊያችን ነገሩ አሻጥር እንዳይሆን ብሎ ወደ እኔ ተመለከተ። በዚያ ዘመን አሻጥር የሚለው ቃል ሲነሳ ሰው ሌላ ጥፋተኛ ይፈልጋል፤ እኔም ወደ ማሽኑ ተመለከትኩ።

በመጨረሻ ሬዲዮ ጠጋኙ፣ ካሴቱን እንደ ዘፈን ብንሰማውስ አለ። የተጻፈበት ካሴት ሲሰማ በቆርቆሮ ውስጥ እንደተዘጋበት ዝንብ ይጮኻል። እኛ የሰማነው ግን «ሽሽሽ» ብቻ ነው። ሦስቱም ሽሽሽ። ቴፑ ንጹሕ ነበር፤ በከንቱ ካቲካላ ጠጣ።

ወደ ንብረት ክፍሉ ወደ ኦቦ ፈይሳ ሮጥኩ። ኦቦ ፈይሳ እምነታቸው ጽኑ፣ ቁልፋቸው ሦስት፣ ከመንግሥት ንብረት እንጥፍጣፊ የማይነኩ ሰው ናቸው። በየቀኑ ካሴት በሞዴል ሃያ ሁለት ያወጡልኛል፣ በሞዴል አሥራ ዘጠኝ ይረከቡኛል። ካሴቱን ማን ነካው ብዬ ስጠይቃቸው አልተደናገጡም። እንዲያውም ላመሰግናቸው የመጣሁ ያህል ደስ አላቸው። «ባዶ ካሴት አውጥቼልህ ጩኸት ሞልተህ ስታመጣ ምን ልበል?» አሉኝ። «በደንቡ ዕቃ እንደወጣ ነው የሚመለሰው። በጩኸቱ አንተን ላስጠይቅ እችል ነበር፤ ግን ልጅ ነህ፣ ቤተሰብ አለህ ብዬ ማታ ማታ በራሴ ቴፕ፣ በራሴ ድንጋይ አጠፋሁልህ። ለማንም አልተናገርኩም።»

ምን ይባላል? «እግዜር ይስጥልኝ» አልኳቸው። ቤተሰብ እንዳለኝ ያስታወሰ ባለሥልጣን እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ዓርብ ቀን ሁሉም ነገር አልቆ፣ ኃላፊው ማብራሪያ በጽሑፍ እንዳቀርብ አዝዞኝ ቁጭ ብዬ እያለ አዴ ዲንቂ በሩን በትከሻቸው ገፍተው ገቡ። በአንድ እጃቸው የነጠላቸውን ጫፍ ጨብጠዋል፤ ጨው ቋጥረውበታል። በሌላው የተጨማደደ ወረቀት ይዘዋል። ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉትና በጣታቸው እያስኬዱ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። «ዲን-ቂ። ሰማንያ ሰባት። አልፋለች።» ከዚያ ቀና አሉ። «ሸምሱ ጨው ጠቅሎ ሰጠኝ» አሉ። «ፊደል ባልቆጥር ኖሮ ማታ እሳት አያይዝበት ነበር።»

የማሽኑ መጽሐፍ ስለ እንዲህ ያለ ጥገና የሚለው የለም። ሸምሱ ሱቅ ስንደርስ ሰውዬው ደነገጠ፤ ሳሙናውን ልናስመልስ የመጣን መስሎት ነበር። ነገሩ ሲገባው ግን ወረቀቱን ሁሉ ከባንኮኒው ሥር ጎትቶ አወጣ። ሥራው ሥርዓት ያለው ነው፤ ከላይ ወደ ታች በተራ ስለሚጠቀልል የጎደሉት አራት ገጾች ብቻ ነበሩ። እነሱንም ማን ምን እንደገዛ በቃሉ ያውቃል። አንዱን ከአንዲት መምህርት ማጀት በርበሬ እንደተጠቀለለበት አገኘነው፤ የዚያን ገጽ ስሞች በኋላ እያስነጠስኩ ነው የመታሁት። ሲመሽ ከወረቀቱ አንድም ሰው አልጎደለም። አዴ ዲንቂ ምስክር ወረቀታቸውን ይዘው ሄዱ፤ እሑድም ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

የቀረው ካሴቱ ነው። ሦስት ሳምንት እንደገና መትቼ በስም የሞላሁትን ካሴት ይዤ ስሄድ ኦቦ ፈይሳ፣ ጩኸት የተጨመረበት ዕቃ አልረከብም አሉ። እኔም ባዶ አላደርገውም አልኩ። ወጥተን እንደ ተካሰሰ ሰው ስንጨቃጨቅ አዴ ዲንቂ ቅቤያቸውን ሸምሱ ሚዛን ላይ ሲያስመዝኑ ደረስን። ሊቀመንበር ናቸውና ጉዳዩን አዩት። «ተጨመረ፣ አልተጨመረ የሚባለው ተመዝኖ አይደል?» አሉ። «ቅቤም ቢሆን እንዲሁ ነው።»

ተመዘነ። በአንዱ ጎን ባዶው ካሴት፣ በሌላው ጎን የጉቶ ጊዳና የኡኬ ሕዝብ። ሚዛኑ ቀጥ ብሎ ቆመ። ኦቦ ፈይሳ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ፤ ከዚያ እውነትን የሚቀበሉ ሰው ናቸውና፣ ምንም አልተጨመረበትም አሉ። «አንድ ባዶ ካሴት፣ በመልካም ሁኔታ» ብለው ጻፉ። እኔም በደስታ ፈረምኩ። ሥልጣኔ ድል አደረገች ብዬ ቤቴ ገባሁ።

ከወር በኋላ ለአብዮቱ በዓል አደባባይ ተሰበሰብን። አዴ ዲንቂ ከእንግዶቹ መካከል፣ እኔና ኦቦ ፈይሳ ከኋላ ቆመናል። የአውራጃው ኪነት ቡድን መዝሙሩን በካሴት አዘጋጅቶ ኖሮ፣ ድምፅ ማጉያው ተከፈተ። ከመዝሙሩ በፊት ግን ለጥቂት ጊዜ አንድ ጩኸት አደባባዩን ሞላው፤ ዝንብ በቆርቆሮ ውስጥ። ሰው ሁሉ ጆሮውን ያዘ። እኔ ብቻ ባርኔጣዬን አወለቅሁ፤ መዝሙሩ ከላዩ ከተቀዳበት ዝርዝራችን የተረፉት የመጀመሪያዎቹ ስሞች መሆናቸውን አውቄአለሁና።

ኦቦ ፈይሳ ወደ ጆሮዬ ተጠግተው፣ ለኪነት ቡድኑ ያወጣሁት ባዶውን ካሴት ነው፣ ይህን ጩኸት የሞላበት ማነው? አሉኝ።

አላውቅም አልኳቸው። ባዶ ነው ብዬ ፈርሜአለሁ።