ጋሽ አልወደድኩትም

ደስታ የማይገባበት ከተማ የለም። ደስታን በር ላይ አስቁሞ «መታወቂያ አሳይ» የሚል ሰው የሌለበት ከተማም የለም። እናንተ ሰፈር ምናልባት ጡረታ የወጡ መምህር ይሆናሉ፣ ወይም የባለቤታችሁ አክስት። እኛ ሰፈር ልብስ ሰፊ ናቸው። ቤታቸው ከእናቴ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ ሜትራቸው ከአንገታቸው አይወርድም፤ ወላጆቻቸው ያወጡላቸውን ስም ከራሳቸው በቀር የሚያስታውሰው ያለ አይመስለኝም። ክቡር ጋሽ አልወደድኩትም ናቸው።

ሱሪ ሲያስረክቡ ያላየ ሰው አያምነኝም። ተኩሰው፣ አሳምረው ካጠፉት በኋላ መልሰው ይዘረጉታል። ከዚያ ባለቤቱ ፊት መቀመጫውን በሁለት እጃቸው ይዘው ይጎትቱታል። ክሩ ሲጥ ይላል። «እቺ ጋ ናት የምትተረተረው» ይላሉ በእርካታ። ደንበኛው እኮ ገና እግሩን አላስገባበትም! እዚያችው ጋ ይደርቡበትና ይሰጡታል። እውነት ለመናገር፣ እሳቸው የሰፉት ሱሪ ተተረተረ ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

ሱሪ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። እኛንም ይጎትቱናል። ጣራ ስናድስ ከታች ቆመው ሲያንጋጥጡ ይቆዩና «ምስማሩን አልወደድኩትም»። የሠርጌ ዕለት፣ ሙሽራዬን ይዤ ከመኪና ስወርድ፣ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ደመናውን አልወደድኩትም»። ልጄ ሲወለድ ሊጠይቁን መጡ፤ ሕፃኑ ፈገግ ቢልላቸው አገላብጠው አዩትና «ገና ካሁኑ ይስቃል?» ብለው አረፉት። ሚስቴ ያን ሰሞን ልጁ በሳቀ ቁጥር ስትሳቀቅ ከረመች።

የማትፈራቸው እናቴ ብቻ ናት። «አንተ ሟርተኛ! አፍህን በዚያ መርፌህ ስፋው!» ትላለች በግድግዳው በኩል።

«ክፉ ነገር ስሙ ሲጠራ ያፍራል» ይመልሳሉ። «ዝም ያሉት ለታ ነው ሰተት ብሎ የሚገባው።»

«እስኪ አንድ ቀን ዝም በልና እንየው!»

ይኸው ነው የሁለቱ ጨዋታ። አንዳቸው ካልጀመሩ ምሳ የሚወርድላቸው አይመስለኝም።

አንድ ሰሞን ለሥራ ሌላ ከተማ ኖሬ ነበር። ጎረቤቶቼ ምን የመሰሉ ሰዎች! ሶፋ ስገዛ «ያምራል»፣ ሥራ ስቀይር «በጣም ጥሩ»፣ ታምሜ ስከሳም «አማረብህ» ብለው እልፍ ይላሉ። እኔ ግን ደስታዬን ታቅፌ ቆሜ እቀራለሁ። ማንም ጎትቶ ያላየው ደስታ እንዴት ይታመናል? አገሬ ትዝ ስትለኝ ከመንገዱና ከዛፉ በፊት ድቅን የሚልብኝ የእሳቸው የተኮሳተረ ፊት ነበር። ጉድ እኮ ነው፤ ሰው ሟርት ይናፍቀዋል?

ተመልሼ እንደመጣሁ ነው ነገሩ የተጀመረው። ለእናቴ ቀሚስ ሊሰፉ አንገቷን ለኩ። ቆም አሉና መልሰው ለኩ።

«ኮሌታሽ ጠቧል። ይቺን አንገት አልወደድኳትም።»

«ወፍሬ ነዋ!»

«ወገብሽ ያው ነው። አንገት ብቻውን አይወፍርም።»

እናቴ ሜትሩን ነጥቃ ትከሻቸውን መታቻቸው፤ እኛም ሳቅን። ብዙም ሳይቆይ ምግብ ያንቃት፣ ስትተኛ ትንፋሿ ያፏጭ ጀመር። ሐኪሙ እንቅርት ነው አሉ፤ ወደ ውስጥ አድጎ የአየር ቧንቧዋን እየተጫነው ስለሆነ ቶሎ መውጣት አለበት። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እያልን ስንተርት የኖርን ሰዎች፣ ያን ቀን ቃሉን ስንሰማ የሚስቅ ጠፋ።

«ቀላል ነው አይደል?» አልኳቸው።

ሐኪሙ መነጽራቸውን አወለቁ። «ቦታው ጠባብ ነው። እንጠነቀቃለን።»

የቀዶ ጥገናው ዕለት እናቴን በአልጋ ገፍተው አስገቧትና በሩ ተዘጋ። እኔና እህቴ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አልን። ጋሽ አልወደድኩትም ሜትራቸውን እንዳጠለቁ ከች አሉ። ጥርሴን ነከስኩ። አሁን በሩን አልወደድኩትም ይላሉ፤ ካሉ ግን አልምራቸውም።

አጠገቤ ተቀመጡ። «አይዞህ ልጄ» አሉ። «ምንም አይደል። ደህና ትወጣለች።»

ዞሬ አየኋቸው። እህቴ ቀና ስትል ፊቷ አመድ መስሏል።

«ምን አሉ ጋሼ?»

«ጥሩ ሆስፒታል ነው። ወለሉም ንጹሕ ነው።»

«ጋሼ…»

«ሐኪሙም ሲገቡ አይቻቸዋለሁ። ደግ ፊት ነው ያላቸው።»

እህቴ ለቅሶዋን ለቀቀችው። «ጋሼ፣ በሞቴ! አንድ ነገር አልወደድኩትም ይበሉ! ይሄን ወንበር እንኳ!»

ወንበሩን አዩት። አንድ እግሩ አጭር ስለነበር በተነቃነቅን ቁጥር ይንቋቋል። «ጥሩ ወንበር ነው» አሉ፣ በቀጭን ድምፅ።

አንዲት ነርስ በሩን በርግዳ ወጣች። እየሮጠች ሄደች፤ የሆነ ነገር ይዛ እየሮጠች ተመለሰች።

«ቀልጣፋ ልጅ ናት» አሉ ጋሼ፣ ዐይናቸውን ጨፍነው።

ያኔ ገባኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ክፉውን ሁሉ በስሙ ሲጠሩ የኖሩ ሰው፣ የዛሬውን ለመጥራት ፈርተዋል። እጃቸውን አየሁት። የገዛ ኮታቸውን እጅጌ ይዘው ይጎትታሉ፤ ስፌቱ ተተርትሮ ገበሩ ወጥቷል፤ እሳቸው አላወቁትም። እጃቸውን ያዝኩት።

ስንት እንደቆየን እንጃ፣ ሐኪሙ ወጡ። እንቅርቱ ወጥቷል፣ ትንፋሿም ደህና ነው አሉ። «የቀረን ድምጿ ነው። የድምፅ ነርቭ እዚያው አጠገብ ስላለ፣ እሷ ካልነቃች አናውቅም።»

እናቴ ያለ ድምፅ! ያን ግድግዳ አሰብኩት፤ በእሷ በኩል ጸጥ ሲል።

ከሰዓት በኋላ ነቃች። አንድ በአንድ አየችን። አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም። «እማዬ፣ እስኪ አንዲት ቃል» አለች እህቴ። እናቴ እንባዋ በጉንጯ ወረደ።

ነርሷ የረጠበውን ፋሻ ልትቀይር ገለጥ ስታደርገው፣ ጋሼ ከጥጋቸው ተነስተው መጡ። ጎንበስ ብለው የአንገቷን ስፌት ከዳር እስከ ዳር ተመለከቱት። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ስፌቱን» አሉ «አልወደድኩትም።»

እናቴ ዐይኗ ፈጠጠ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ከሆነ ሩቅ ቦታ የሻከረ፣ የቀጠነ ነገር እየተጎተተ መጣ።

«ሟር…ተኛ።»

እህቴ ጮኸች፤ ነርሷ ደነገጠች። ጋሼ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ የተተረተረው እጅጌያቸው ተንጠልጥሎ ትከሻቸው ይርገፈገፋል።

«ድምፅሽንም አልወደድኩትም» አሉ፣ ሳይዞሩ።

እኔ ወደድኩት።