እንዳይጠገን የተጠበቀው ቱቦ

[የአንድ ፎቅ ደረጃ። ከግድግዳው ቱቦ ውሃ ባልዲ ውስጥና ደረጃው ላይ ይንጠባጠባል። አማች መፍቻ ይዞ ቱቦው ሥር ተንበርክኳል። የሚስቱ ወንድም፣ የባንክ ሠራተኛው፣ እጁን ጨምድዶ ይዞታል። አዲሱ ቲሸርቱ ላይ «መሥራችና ፕሬዚዳንት» ተብሎ ተጽፏል።]

ፕሬዚዳንት፦ መፍቻውን አስቀምጥ። ባነሩ ሳይመጣ አይነካም አላልኩህም?

አማች፦ ብለኸኛል። ለምን እንደሆነ ግን አልገባኝም። አንድ ጊዜ ባጠብቀው እኮ ያልቃል።

ፕሬዚዳንት፦ የምፈራውም እሱን ነው። ቱቦው ካለቀለት እኔም አለቀልኝ።

አማች፦ አሞሃል እንዴ?

ፕሬዚዳንት፦ ስማኝ። ቢዝነስ ትምህርት ቤት አመልክቻለሁ። ነጥብ አለኝ፣ ልምድ አለኝ፤ የጎደለኝ የማኅበረሰብ ተሳትፎ ብቻ ነው። ለሰፈርህ ምን ሠራህ ይላሉ።

አማች፦ ምን ሠራህ?

ፕሬዚዳንት፦ ይሄን ቱቦ።

አማች፦ ይሄማ ያፈሳል።

ፕሬዚዳንት፦ ልሠራው ነዋ! መጀመሪያ ጥናት ይደረጋል፣ ከዚያ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ከዚያ ባነር ይሰቀላል፣ ፎቶ እነሳለሁ። ጥገና የመጨረሻው ነው። አንተ ከጭራው ጀመርክ።

አማች፦ እኔ የጀመርኩት ከሚያፈሰው ላይ ነው።

ፕሬዚዳንት፦ አይ አለመማር። ችግር ከሌለ መሪ ከየት ይመጣል? ያንንም ባልዲ ከዚያ አንሳው፤ ፎቶው ላይ ችግሩን ያሳንስብኛል።

አማች፦ [ባልዲውን እያነሳ] የላይኛው ፎቅ እማማ ትናንትም ተንሸራትተው ነበር።

ፕሬዚዳንት፦ ወደቁ?

አማች፦ ያዝኳቸው።

ፕሬዚዳንት፦ ምነው ብትጠራኝ? ስይዛቸው ፎቶ ታነሳኝ ነበር።

አማች፦ ሰው እየወደቀ ትንሽ ይቆዩ ይባላል?

ፕሬዚዳንት፦ ታገስ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

አማች፦ እንቁላሉስ ይሂድ። በእግራቸው መሄድ ያቃታቸው እማማ ናቸው። አዝዬ የማወጣቸው እኔ፣ አዝዬ የማወርዳቸው እኔ።

ፕሬዚዳንት፦ ሰው ማዘል ተሳትፎ አይባልም። ማኅበር የለህ፣ ማኅተም የለህ፣ ቲሸርት የለህ። ያንተ ዝም ብሎ ደግነት ነው።

አማች፦ ደግነት አይቆጠርም?

ፕሬዚዳንት፦ ማን አይቶት?

አማች፦ [አሰብ አድርጎ] ያንተ ማኅበር ውስጥ እነማን አሉ?

ፕሬዚዳንት፦ እኔ አለሁ። አባላት ደግሞ እየተፈለጉ ነው።

አማች፦ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። አንድ ክር ግን...

ፕሬዚዳንት፦ ተው አሁን፣ ዋናውን ስማ። ትምህርት ቤቱ ካገለገልኳቸው ሰዎች አንዱን በስልክ ያነጋግራል። ያንተን ቁጥር ሰጥቻለሁ።

አማች፦ እኔን መቼ አገለገልከኝ?

ፕሬዚዳንት፦ እህቴን ድሬልሃለሁ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግልህ?

አማች፦ እሱስ እውነት ነው።

ፕሬዚዳንት፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] አደራህን። ይሄ ካመለጠኝ ዕድሜ ልኬን ከዚያች የባንክ መስኮት ኋላ ማኅተም ስመታ ልቀር ነው። ሲደውሉ «ሰፈሩን ያንቀሳቀሰ እሱ ነው» በል። በቃ።

አማች፦ ደውለዋል እኮ።

ፕሬዚዳንት፦ መቼ?

አማች፦ ጠዋት። እማማን አዝዬ ስወጣ ነበር። አንዲት ሴትዮ ናቸው። ምነው ያለከልካሉ አሉኝ። ሰው አዝያለሁ አልኳቸው። ለምን ቢሉኝ ደረጃው ያንሸራትታል አልኩ። ለምን አይጠገንም ቢሉኝ...

ፕሬዚዳንት፦ ቢሉህ?

አማች፦ ያው፣ ፕሬዚዳንታችን ባነሩ ሳይመጣ አይነካም ብሎኝ ነው አልኳቸው።

[ፕሬዚዳንት እርጥቡ ደረጃ ላይ ዘፍ ይላል።]

ፕሬዚዳንት፦ ገደልከኝ።

አማች፦ እኔም ይቆጣሉ ብዬ ነበር፣ እሳቸው ግን ሳቁ። ከዚያ እማማን ላነጋግራቸው አሉ። እማማ ደግሞ ስልክ ከያዙ አይለቁም። በመጨረሻ ሴትዮዋ ለእኔ፣ እርስዎስ መማር አይፈልጉም ወይ፣ እንዲህ ያለ ሰው ነው የምንፈልገው አሉኝ።

ፕሬዚዳንት፦ አንተን? ማኅተም እንኳ የለህም።

አማች፦ አልደበቅኳቸውም። ቲሸርትም የለኝም አልኩ። ግድ የለም፣ ካገለገሏቸው ሰዎች አንድ ምስክር ይስጡን፣ ደውለን እናነጋግራለን ብለዋል።

ፕሬዚዳንት፦ እማማን ስጣቸዋ።

አማች፦ የእሳቸውንማ ሰምተናል፣ ሌላ ችግረኛ ይጥሩ አሉኝ። አሰብኩ፣ አሰብኩና ያንተን ቁጥር ሰጠሁ።

ፕሬዚዳንት፦ [ብድግ ብሎ] እኔ ችግረኛ ነኝ? ምን ጎድሎኝ?

አማች፦ [ቱቦውን አጥብቆ ይነሳል። ውሃው ቀጥ ይላል። መወልወያ ጨርቅ ያቀብለዋል።] የማኅበረሰብ ተሳትፎ። እንካ፣ ከታችኛው ደረጃ ጀምርና ወልውል፤ ሲደውሉ እንድታለከልክ።